የስዊች ልምምዴ ሦስተኛ ሳምንት፦ መብራቶቹንና የመነሻ ፍተሻውን ማንበብ

ሲሲኤንኤ ለተባለው የሲስኮ ኩባንያ የኔትወርክ ፈተና ስዘጋጅ እስካለፈው ወር ድረስ የተለማመድኩት ፓኬት ትሬሰር በተባለው የኔትወርክ ማስመሰያ ፕሮግራም ብቻ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ያገለገለ ሲስኮ ካታሊስት 2960 ስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ እርስ በርስ የሚያገናኝ ዕቃ) ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ፤ 24 የፋስት ኢተርኔት (በሰከንድ እስከ 100 ሜጋቢት) እና 2 የጊጋቢት (እስከ 1000 ሜጋቢት) ፖርቶች፣ ማለትም የገመድ መሰኪያዎች፣ ያሉት ሞዴል ነው። በዚህ ሳምንት ትእዛዝ መጻፉን ትቼ የፊት መብራቶቹን ሳጠና ቆየሁ፤ «አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው» ከሚል ግምት በቀር ስለ እነርሱ የማውቀው ነገር እንደሌለ ዕቃው ፊቴ ሲቀመጥ ነው የገባኝ።

ይህ ስዊች ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ ገመዱ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይነሳል። ያኔ ሲስት (የስዊቹ አጠቃላይ ሁኔታ)፣ አርፒኤስ (መጠባበቂያ ኃይል)፣ ስታት (የፖርቶቹ ሁኔታ)፣ ዱፕሌክስ (መረጃ በአንድ ጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ መሄድ አለመሄዱ) እና ስፒድ (ፍጥነት) የተባሉት መብራቶች በሙሉ አረንጓዴ ይበራሉ፤ ከመካከላቸው ብልጭ ድርግም የሚለው ሲስት ብቻ ሲሆን፣ ይህም ፖስት የሚባለው የመነሻ ፍተሻ በመካሄድ ላይ መሆኑን ያሳያል። ፍተሻው በሰላም ካለቀ ሲስት ረግቶ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ሌሎቹም ወደየራሳቸው ሥራ ይመለሳሉ። ሲስት ብርቱካናማ ከሆነ ግን ኃይል ደርሶታል፣ ሥራው ግን ትክክል አይደለም ማለት ነው፤ በዚህ ፍተሻ የወደቀ ስዊች አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይሠራም። (በአማርኛ «መብራት የለም» ስንል ኤሌክትሪኩንም አምፖሉንም ማለታችን ሊሆን ስለሚችል፣ ሲስት ሲጠፋ ማስታወሻዬ ላይ «ኃይል የለም» ብዬ መጻፍ ጀምሬአለሁ።)

መብራቱ የፍተሻውን ውጤት እንጂ ዝርዝሩን አይናገርም። ስለዚህ ስዊቹን ከኮምፒውተር ለማዘዝ የሚያገለግለውን ሰማያዊ ጠፍጣፋ የኮንሶል ገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ፣ ፑቲ የተባለውን የትእዛዝ መስኮት ፕሮግራም በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት ከፍቼ፣ ስዊቹን ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። የፖርት አሲክ (ፖርቶቹን የሚያንቀሳቅሰው ቺፕ) ሜሞሪ፣ የካም (የአድራሻ ሠንጠረዥ የሚያዝበት ሜሞሪ) ክፍልና የፖርት ሉፕባክ (ፖርቱ የላከውን ራሱ መልሶ የሚቀበልበት) ፍተሻዎች እያንዳንዳቸው ሲጀምሩና ሲያልፉ በየመስመሩ ተጻፉ። ይህን ጽሑፍ በጊዜው ያላየ ሰው በኋላ «ሾው ፖስት» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ውጤቱን ማንበብ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ያሳሳተኝ ሞድ የምትባለው ትንሿ ቁልፍ ናት። የፖርቶቹ መብራቶች ምን እንደሚሉ የሚወሰነው በእርሷ ምርጫ ነው። በስታት ላይ ብልጭታ ማለት መረጃ እያለፈ ነው ማለት ሲሆን፣ በስፒድ ላይ ግን ያው ብልጭታ በጊጋቢት ፖርት ላይ 1000 ሜጋቢት ማለት ነው። ሰኞ ዕለት ቁልፉን ስፒድ ላይ መተዌን ረስቼ፣ ማንም የማይጠቀምበት ፖርት «ሥራ በዝቶበታል» ብዬ ግማሽ ሰዓት ምክንያቱን ፈለግሁ።

ገመድ በተሰካ ቁጥር የሚበራው ብርቱካናማም አስደንግጦኝ ነበር። እርሱ ግን ብልሽት አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ራዲያ ፐርልማን በ1985 የፈለሰፉት ስፓኒንግ ትሪ የተባለው የስዊቾች ደንብ ፖርቱ ላይ መረጃ ያለማቋረጥ የሚዞርበት ቀለበት አለመፈጠሩን እስኪያረጋግጥ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ደግሞ አድራሻ ይማራል፤ ስለዚህ 30 ሰከንድ መታገሥ ነው። ላፕቶፔ ግን ሁልጊዜ አይታገሥም፤ አንዳንዴ ከራውተሩ አድራሻ ሳይደርሰው ቀርቶ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ኮምፒውተር ብቻ በሚሰካበት ፖርት ላይ ይህን 30 ሰከንድ መጠበቅ የሚያስቀረውን ፖርትፋስት የተባለ ቅንብር ሳበራ ችግሩ ጠፋ።

ሐሙስ ዕለት የገጠመኝ ግን ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። በፖርት 7 በኩል ፋይል ስገለብጥ ፍጥነቱ እጅግ ወረደ፤ መብራቱም አልፎ አልፎ ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ ይቀያየር ነበር፤ ይህም የስህተት ብዛት ምልክት ነው። ሞድን ተጭኜ ዱፕሌክስ ላይ አደረግሁት፤ መብራቱ አረንጓዴ ማለትም ሙሉ ዱፕሌክስ (ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ መላክ የሚችሉበት) ሆኖ ስላየሁት ጥፋቱን በራሴ እጅ በሠራሁት ገመድ ላይ ጥዬ ጫፉን ሁለት ጊዜ ቆርጬ እንደገና ሠራሁት። ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ «ሾው ኢንተርፌስ» የሚለውን ትእዛዝ ስሰጥ የሲአርሲ (ተበላሽተው የደረሱ ክፈፎች፣ ማለትም የመረጃ ጥቅሎች) እና የረንት (ከሚገባው በላይ ያጠሩ ክፈፎች) ቁጥሮች ዓይኔ እያየ ይጨምራሉ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ከሁለት ቀን በፊት ለልምምድ ብዬ ፖርቱን በ100 ሜጋቢት እና በሙሉ ዱፕሌክስ አስሬው ነበር። እንዲህ ሲታሰር ስዊቹ ከወዲያኛው ወገን ጋር መደራደሩን ያቆማል፤ ላፕቶፑ ደግሞ ፍጥነቱን ከምልክቱ ቢለይም ዱፕሌክሱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው በደንቡ መሠረት ግማሽ ዱፕሌክስን (በየተራ መላክን) ይይዛል። ላፕቶፑ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት ብሎ ያምናል፣ ስዊቹ ደግሞ እንዳሻው ይናገራል፤ ክፈፎቹም መሐል ላይ ይቆረጣሉ። አረንጓዴው መብራት አልዋሸም፤ የሚናገረው ግን ስለ ስዊቹ ወገን ብቻ ነበር።

ፍጥነቱንም ዱፕሌክሱንም ወደ አውቶ (ራሱ ወደሚደራደርበት) መልሼ፣ ቆጣሪዎቹን አጽድቼ ያንኑ ፋይል ስገለብጥ ሲአርሲው ዜሮ ላይ ቆመ። ሁለት ጊዜ በከንቱ የቆረጥኩት ገመድ አሁን በአንድ ስንዝር ያህል አጥሯል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛ ስዊች ተውሼ ሁለቱን በሁለት ገመድ አገናኛለሁ። ፕራዮሪቲያቸውን (የቅድሚያ ቁጥራቸውን) ሳልነካ ከተውኩት፣ የማክ አድራሻው (ከፋብሪካ የተሰጠው መለያ ቁጥር) ያነሰው ስዊች ሩት፣ ማለትም የስፓኒንግ ትሪው ዋና፣ ይሆናል፤ ስፓኒንግ ትሪ ቀለበት እንዳይፈጠር አንዱን ገመድ ስለሚዘጋም፣ ሳይለቅ የሚቆየውን ብርቱካናማ የምጠብቀው በሌላኛው ስዊች ላይ፣ ከሩቱ ከፍተኛ ቁጥር ካለው ፖርት በመጣው ገመድ ጫፍ ነው። ግምቴን በወረቀት ጽፌ ስዊቹ ላይ ለጥፌዋለሁ።