አሮማኒያኖችና የኛ አፎቻ

አሮማኒያኖች የሚባሉ ህዝቦች አሉ፣ አርመን አላልኩም፣ አርመኖቹንማ ድሬ በደንብ ታውቃቸዋለች። እነዚህ የባልካን ሰዎች ናቸው፣ ግሪክ፣ አልባኒያ፣ ሰሜን መቄዶንያ፣ ቡልጋሪያና ሮማኒያ ውስጥ ተበታትነው የሚኖሩ፣ ቋንቋቸው ከላቲን የመጣ፣ ድሮ ብዙዎቹ በግ አርቢ ነበሩ፣ ሲሞቅ መንጋቸውን ይዘው ተራራ ይወጣሉ ሲበርድ ቆላ ይወርዳሉ። የኔ የሚሉት መንግስት ግን የላቸውም።

እኔን የገረሙኝ አሜሪካ የገቡት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1903 ፋርሸሮቱል የሚባል ማህበር ኒውዮርክ ላይ አቋቋሙ፣ ባቡሩ ድሬ በደረሰ በአመቱ ማለት ነው። ዘፈንና ጭፈራ ሊያስቀምጡ እንዳይመስላችሁ፣ አቦ እድር በሉት! አባል ያዋጣል፣ ሲታመም ይደገፋል፣ ሲሞት በወግ ይቀበራል። ያኔ ፋብሪካ የሚሰራ ስደተኛ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የአሜሪካ የጡረታ ህግ ራሱ የወጣው በ1935 ነው እኮ። ደግሞ የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱልሃሚድ አሮማኒያኖችን ራሳቸውን የቻሉ ህዝብ ናችሁ ብሎ እውቅና የሰጣቸው 1905 ላይ ነው፣ እስካሁን ሜይ 23ን የሚያከብሩት ለዛ ነው። እድራቸው ከእውቅናቸው በሁለት አመት ይበልጣል ማለት ነው፣ ደስ አይልም?

በኋላ ኢንሹራንሱም ጡረታውም ሲመጣ የመቅበሩ ስራ ቀለለ፣ ማህበሩ ግን አልፈረሰም፣ ኮነቲከት የሚባለው የአሜሪካ ግዛት ላይ ቋንቋና ታሪክ ወደ መጠበቁ ዞረ።

እዚህ ጋ ነው ሐረር ትዝ ያለችኝ። ጁገል፣ በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ከተማ ውስጥ፣ ሐረሪዎች አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማህበር አላቸው፣ የሴት ለብቻ የወንድ ለብቻ፣ ለሰርግም ለለቅሶም የሚጠራሩበት። ማንም ቋንቋችንን እናድን ብሎ አይደለም እዛ የሚቀመጠው፣ ጎረቤቱ ሞቶበት ነው፣ ግን ተቀምጦ የሚያወራው በሐረሪኛ ነው፣ ልጆቹም እዛው እግር ስር ሆነው ይሰማሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ለባህል ብቻ ብሎ ቅዳሜውን አይሰጥም፣ ለቀብር ግን ይመጣል፣ ከቀረ ይታወቅበታላ። ስለዚህ አሮማኒያኖቹ መዋጮውን አስቀድመው ባህሉን ያስከተሉት ተመራምረውበት ባይሆንም ገብቷቸዋል ባይ ነኝ።

አሁን ግን ዲያስፖራው ጎፈንድሚ አለው፣ በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት። ብሩ ቶሎ ይሰበሰባል፣ አልክድም፣ ግን ብር ያስገባው ሰው የሟችን ስም በደንብ ላያውቅ ይችላል። አንዲት ሐረሪ ጎረቤቴ ልጇ ቶሮንቶ ነው፣ እማ አሁን በስልክ ማዋጣት እየተቻለ ለምን ትደክሚያለሽ ሲላት፣ "ብሩስ ይምጣ፣ ለቅሶ ቤት ማን ሊቀመጥልኝ ነው?" አለችው። በቪዲዮ እንገባለን አላት። እስካሁን እየተጨቃጨቁ ነው፣ እኔ በሷ በኩል ነኝ።