ጋሪ ያለፈበት በረዶ

ሰሞኑን አንድ ሥዕል ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። ሮበርት ሄንራይ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1902 በዘይት ቀለም የሠራው ነው። ርዕሱ «በረዶ በኒውዮርክ» ይባላል። ዋናው ዋሽንግተን፣ ብሔራዊው የሥዕል ሙዚየም ነው ያለው። እኔ በስልኬ እያሰፋሁ ጥግ ጥጉን አየዋለሁ።

የበረዶ ሥዕል ሲባል የለመድነው የፖስት ካርዱን ነው። ሁሉም ነገር ነጭ፣ ሁሉም ነገር ንጹሕ። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ግራና ቀኙን ጠቆር ያሉ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ መሐል ላይ መንገዱ አለ። በረዶው ላይ ጋሪ ተመላልሶበታል። የመንኮራኩሩ መስመር በወፍራም ብሩሽ ቡናማ ሆኖ ተስቧል። ጠጋ ሲሉት ቀለም ብቻ ነው፤ ራቅ ሲሉት የላቆጠ መንገድ ይሆናል። በዚያ ብርድ ሰው ለእንጀራው እንደወጣ የነገረኝ ያ ቡናማ መስመር ነው። ከሥዕሉ ሁሉ አብልጬ የምወደውም እሱን ነው። ሄንራይ ተማሪዎቹንም ተራውን የከተማ ኑሮ እንዲሥሉ ይገፋፋ ነበር።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። እንዲህ ያለ በረዶ የለንም፤ ብርዱ ግን አይጣል ነው! በታኅሣሥ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያነጋል። ፀሐይ ያገኘው ቶሎ ይጠፋል። በቆርቆሮ አጥሩ ጥላ ሥር ያለው ግን ይቆያል። ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ጥላ ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን ከሰማዩ የሚመጣ ስለሆነ ነው። በረዶ የሚሥሉ ሰዎችም ለዚህ ነው ጥላው ላይ ሰማያዊ ጣል የሚያደርጉት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ዓይኔ አጥሩ ሥር ነው።

ጋሪም አለን። ከፈረሱ አፍንጫ እንፋሎት ይወጣል። ባለጋሪው በጋቢው እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ጎማው አመዳዩን ደፍጥጦ ጥቁሩን አፈር ያወጣዋል። ወተት ለማስረከብ የሚወጡ እናቶች ያንን መስመር ተከትለው ይሄዳሉ።

የአካባቢያችን ሥዕል ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ሜዳና አደይ አበባ ነው። ደስ ይላል፣ አልጠላሁትም። ግን የታኅሣሥ ጠዋትም የሚሥለው ሰው ያስፈልገዋል፤ እነዚያ እናቶችም በዚያ ብርድ መውጣታቸው ሊታይላቸው ይገባል።

ሠዓሊ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ አንድ ቀን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። ሙቅ ልብስ ደርቡ። ቡናማ ቀለም በደንብ ያዙ። ሻይው በእኔ ነው።