የጎንደር የፖስታ ሳጥኖች፦ እጅ ያደከመውንና ፀሐይ ያደከመውን መለየት

ጎንደር ውስጥ የፖስታ ሳጥን ፎቶ አነሳለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚለኝ «የት አለና?» ነው። ጥያቄው ልክ ነው። እኛ ጋ ፖስተኛ ደብዳቤ ይዞ በየቤቱ አይዞርም። ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ፖስታ ቤት ሄዶ ሳጥን ይከራያል፣ ቁልፍ ይቀበላል፣ ራሱ እየሄደ ይከፍታል። ስለዚህ በየአጥሩ ላይ የተሰቀለ ሳጥን የለንም። ያለን ጎን ለጎን የተደረደሩ ትንንሽ የብረት በሮች ናቸው። በደብዳቤ ራስጌ ላይ «ፖ.ሣ.ቁ.» እያልን የምንጽፈው ቁጥር የእነሱ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የሚያህል ትልቅ ተቋም እንኳ አድራሻው ፖ.ሣ.ቁ. 196 ነው።

እነዚህን በሮች እያነሳሁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ከሁሉም በላይ የገባኝ ያረጀ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት እንደማያረጅ ነው። ፀሐይ ያደከመው ሌላ ነው፣ ዝናብ የበላው ሌላ፣ የሰው እጅ የላጠው ደግሞ ሌላ። ይህን ሳንለይ ካነሳን ፎቶው የአሮጌ ብረት ፎቶ ከመሆን አያልፍም።

አንዷን በር ከቅርብ ላሳያችሁ። ቀለሟ ዳር ዳሩን እንዳለ ነው። የቁልፍ ቀዳዳዋ ዙሪያ ግን ብረቱ ወጥቷል። ከቀዳዳው ወጣ ብለው ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ፤ ቁልፍ የያዘ እጅ ቀዳዳውን እስኪያገኝ ድረስ የጫራቸው ናቸው። ከስር ደግሞ ግማሽ ክብ የሆነ የተፋቀ ቦታ አለ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ቆሜ ማየት ነበረብኝ። አንድ ሰው መጥቶ ሳጥኑን ሲከፍት ገባኝ። ቁልፉ በዞረ ቁጥር በቀለበቱ ላይ የተንጠለጠሉት ሌሎች ቁልፎች እየተወዛወዙ በሩን ይፍቃሉ። የዓመታት መክፈትና መዝጋት እዚያ ግማሽ ክብ ውስጥ አለ። ጎኗ ያለችው በር በአንጻሩ ቀለሟ ሙሉ ነው፤ ቀዳዳዋን አቧራ ሞልቶታል። ሁለቱን በአንድ ፍሬም ሳነሳቸው ማብራሪያ መጻፍ አላስፈለገኝም።

የፀሐይ እርጅና ከዚህ ይለያል። ጨረሩ ቀለሙን አጣብቆ የያዘውን ነገር ይሰባብረዋል፤ ቀለሙ ይደበዝዝና ዱቄት ይሆናል። በጣታችሁ ብትነኩት ዱቄቱ ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ዝናብ ደግሞ ሥራውን ከስር ነው የሚሠራው። ዝገት ከተገኘበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ከቀለሙ ስር ሲያድግ ቀለሙን እየገፋ ያሳብጠዋል፣ በመጨረሻም ይልጠዋል። ማጠፊያው ጋ፣ ብየዳው ጋ፣ ጭረት ባለበት ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። የተላጠበትን ቦታ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት የቀድሞው ቀለም ይገኛል፤ ከእሱም ስር ዝገት እንዲከላከል መጀመሪያ የሚቀባው ቀዩ አንቲረስት።

ብርሃን ላይ ብዙ ጊዜ ሰጥቻለሁ። የተላጠ ቀለም ጎልቶ እንዲታይ ብርሃኑ ከጎን መምጣት አለበት። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «እኩለ ቀን ላይ ፎቶ አታንሳ» የሚባለው ግን ለቆመ የብረት በር አይሠራም። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ፀሐይ በጎንደር ትክክል አናት ላይ ታልፋለች፤ ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ። ክፈፍ በሌለው ግድግዳ ወይም የላሜራ በር ላይ ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች እየላሰ ይወርዳል። እያንዳንዱ እብጠት ጥላውን ወደ ታች ይጥላል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ጠዋት አላገኘሁም። ነሐሴ አጋማሽ ላይም ፀሐይዋ እንዲሁ ታልፋለች፤ ግን ደመናው መች ይለቃል?

ጥላ ውስጥ ላሉት ሳጥኖች ትንሽ ባትሪ ከጎን አበራለሁ፣ ወይም ነጭ ካርቶን ይዤ ብርሃን እመልሳለሁ። የምጠቀመው ስልክ ነው። ቀዳዳው ላይ ጣቴን ጫን አድርጌ ፎከሱን እቆልፋለሁ፣ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ። ሰፊውን ሌንስ አልጠቀምም፤ በሮቹን ያጣምማቸዋል። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ በዙም ማቅረብ ይሻላል። ኤዲት ሳደርግም ቀለም አልጨምርም። ዝገት ብርቱካን ከመሰለ ውሸት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ስለ ፈቃድ። የጎንደር ፖስታ ቤት ፒያሳ ላይ ጣሊያን ከሠራቸው ሕንፃዎች አንዱ ነው። ጣሊያን ከተማዋን የያዘው በ1928 ዓ.ም. ሲሆን የመጨረሻው ጦሩ እጁን የሰጠውም እዚሁ ጎንደር፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ሕንፃው ያምራል፣ ካሜራም ይጠራል። ግን መሥሪያ ቤት ነውና ዝም ብሎ አይነሳም። መጀመሪያ ጥበቃ ላይ ያሉትን አባት አናገርኳቸው።

«አባቴ፣ እነዚህን ሳጥኖች ፎቶ ላነሳ ነበር። ይፈቀዳል?»

«ሳጥኑን? ምን ይሆንሃል?»

«አረጃጀታቸውን ነው የማነሳው። ሰው አይገባበትም።»

«እንግዲያ ገብተህ ኃላፊዋን ጠይቅ። እሷ ካለች እኔ ምን ቸገረኝ።»

ኃላፊዋ ፈቀዱ። ሰው ሳጥኑን ሲከፍት እንዳላነሳ፣ የደብዳቤ አድራሻም እንዳይታይ ብቻ አሳሰቡኝ። ትክክል ናቸው፤ እኔም እንደ ደንብ ይዤዋለሁ። ስመለስ አባት አጠገቤ መጥተው ቆሙ። የታችኛው ረድፍ በሮች መሃላቸው ላይ ለምን እንደሚያበሩ እያሰብኩ ነበር። እጅ የሚነካው ጠርዙን ነው፤ መሃሉን ማን ይነካዋል?

«እሱማ ጉልበት ነው» አሉኝ። «ሰው እጁ በደብዳቤ ይያዛል። ጎንበስ ማለቱም ይከብደዋል። በጉልበቱ ገፋ ያደርግና ይሄዳል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የታችኛውን ረድፍ ለብቻው አነሳለሁ። ካሜራዬን በጉልበት ቁመት ዝቅ አድርጌ፣ ልክ ከፊት ለፊቱ። ከስብስቤ ሁሉ የምወዳቸው እነዚህን ነው።

ወደ ሌሎች ሳጥኖችም ወጣ ብያለሁ። የመሥሪያ ቤት የአስተያየት መስጫ ሳጥኖች አሉ፤ የአብዛኞቹ ቁልፍ ያሳዝናል፣ ዝገቱን ላየው ሳይከፈት የቆየ ይመስላል። የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምፅዋት ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሳንቲም ማስገቢያው ጠርዝ በእጅና በሳንቲም ብዛት ተወልውሎ ያበራል። እዚያ አስፈቅዳችሁ አንሱ፣ የሚመጸውት ሰው ፊት ላይ ግን ካሜራ አታዙሩ።

ጊዜ የሚሻማን ነገር አለ። ጥምቀት ሲቃረብ ከተማው ይጸዳል፣ ሱቁም በሩም ቀለም ይቀባል። ደስ ይላል፤ እንግዳ የሚቀበል ከተማ እንዲህ ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ የተጻፈው ጭረት በአንድ ቀን ብሩሽ ይሸፈናል። ስለዚህ ኅዳርና ታኅሣሥን ለአራዳና ለአውቶፓርኮ ሰፈር በሮች መድቤያለሁ። ከተቀቡ በኋላም ተመልሼ እዚያው ቦታ ቆሜ አነሳቸዋለሁ። አዲሱ ቀለም የት ጋ ቀድሞ እንደሚለቅ ማየት እፈልጋለሁ፤ ከቁልፉ ወይስ ከብየዳው?

ባሕር ዳርም ሆነ ደሴ ያላችሁ፣ ፖስታ ቤት ጎራ ካላችሁ አስፈቅዳችሁ የታችኛውን ረድፍ እዩልኝ። ጉልበት እዚያም እንደዚህ አብርቶት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።