ድስቱን መቁጠር፦ ክብደት ለመቀነስ የዕለት ካሎሪዬን የማወጣበት መንገድ

በቀን ስንት ካሎሪ ልብላ ለሚል ሰው ስልክ ላይ ያለ ማስያ በግማሽ ደቂቃ መልስ ይሰጠዋል። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አምስት ሰው ከአንድ ትሪ በሚበላበት፣ ዘይት ከጄሪካን በዓይን ግምት በሚንቆረቆርበት ቤት ያ ቁጥር ምን ይሠራል? እዚህ ሐዋሳ ላይ ሠርቶ ያገኘሁትን ዘዴ ላስቀምጥ።

የምነሳበት ቀመር ተመራማሪዎቹ እነ ሚፍሊንና ሴንት ጂዮር በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ክብደት በኪሎ ተወስዶ በ10 ይባዛል፣ ቁመት በሳንቲ ሜትር ተወስዶ በ6.25 ይባዛል፣ ሁለቱ ይደመራሉ። ከድምሩ ላይ የዕድሜ አምስት እጥፍ ይቀነሳል። ለወንድ 5 ይጨመራል፤ ለሴት 161 ይቀነሳል። የሚወጣው ቁጥር ሰውነት ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ቢውል እንኳ የሚያቃጥለው ነው። ቀመሩ የተሠራው አሜሪካ ውስጥ በተለኩ 498 ጤነኛ ሰዎች ስለሆነ በአንድ ሰው ላይ አሥር በመቶ ያህል ወዲህ ወዲያ ቢል አይገርምም።

38 ዓመቷ፣ ቁመቷ 162 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 78 ኪሎ የሆነች ሴት እንውሰድ። ስሌቱ 1,441 ይሰጣል። ይህ ደግሞ እንደ እንቅስቃሴዋ መጠን በአንድ ቁጥር ይባዛል። ቢሮ ተቀምጣ ውላ በባጃጅ የምትመላለስ ከሆነ በ1.2 ይባዛና 1,730 ይሆናል። በሳምንት አብዛኛውን ቀን ሐይቅ ዳር ፈጠን ብላ አርባ አምስት ደቂቃ የምትራመድ ከሆነ በ1.375 ተባዝቶ 1,980 አካባቢ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ሰው ለራሱ የሚያዳላው፦ በሳምንት ሁለቴ ጂም ገብቶ የመካከለኛ እንቅስቃሴውን 1.55 ይሞላል። ሁለቴ ጂም 1.55 አያሰጥም። ከተጠራጠራችሁ ዝቅ ያለውን ያዙ።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግርድፉ 7,700 ካሎሪ ነው። ይህች ሴት 1,980 እያቃጠለች 1,500 ብትበላ በቀን 480 ይጎድላል፤ በሳምንት 440 ግራም ገደማ፣ በወር ሁለት ኪሎ የማይሞላ ነው። «በወር አሥር ኪሎ» የሚለውን ማስታወቂያ በዚሁ ሒሳብ ፈትሹት፦ በየቀኑ 2,560 ካሎሪ መጉደል አለበት፣ እሷ ደግሞ ጠቅላላ የምታቃጥለው 1,980 ነው። ምንም ባትበላ እንኳ አይደርስም። ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 በታች ያለ ሐኪም ምክር አይውረድ። እርጉዝና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም ኢንሱሊን ወይም የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው ምግቡን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ከቀነሰ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

አሁን ወደ ኩሽና። እንጀራን አንድ በአንድ ከመመዘን ዱቄቱን መያዝ ይቀላል። ጤፍ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ምኑም ቢቀላቀል አንድ ኪሎ ዱቄት 3,600 ካሎሪ ገደማ ነው። አምስት ኪሎ ተቦክቶ 32 እንጀራ ከወጣው 18,000 ለ32 ይካፈላል፤ አንዱ 560 ሆነ ማለት ነው። ሩቡ 140። ምጣዱ ሰፊ ወይም ሊጡ ወፍራም ከሆነ የሚወጣው እንጀራ ቁጥር ያንሳል፣ የአንዱ ካሎሪም በዚያው ልክ ይወጣል፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ቤት ቁጥር አትዋሱ። ቀይ ጤፍ ያቀጥናል የሚባለው ከካሎሪ አንጻር ልክ አይደለም፣ ከነጩ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እንጀራው ግን አይደለም ጉዱ፤ ዘይቱ ነው። ለአምስት ሰው ሽሮ 200 ግራም የሽሮ ዱቄት 740 ካሎሪ፣ 300 ግራም ሽንኩርት 120 ካሎሪ ነው። ቁሌቱ ላይ 150 ሚሊ ሊትር ዘይት ሲጨመር ዘይቱ ብቻውን ከ1,200 ይበልጣል፤ ከድስቱ ካሎሪ ከግማሽ በላይ ያው ዘይት ነው ማለት ነው። 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን ግን የአንድ ሰው ድርሻ ከ415 ወደ 250 ይወርዳል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በውኃ ጠብ ጠብ እያደረጉ አብስሎ ዘይቱን ኋላ ማግባት ጣዕሙን ብዙም አይጎዳውም። በሾርባ ማንኪያ ቁጠሩ፤ አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው።

ድስት መመዘን የማይመቸው ቤት አንድ ሌላ መላ አለ፣ እኔ ከሁሉም የምወደው። ባለ አምስት ሊትሩ ጄሪካን ሲከፈት ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት። አራት አዋቂዎች በ30 ቀን ከጨረሱት፣ 40,500 ካሎሪ ለ30 ከዚያም ለ4 ሲካፈል በየቀኑ በነፍስ ወከፍ 340 ካሎሪ የሚጠጋ ዘይት ተበልቷል። ቅቤው ገና አልተቆጠረም። ይህን ቁጥር ያየ ቤተሰብ ያለ ክርክር እጁን ይሰበስባል።

ትሪው ላይ ሆኖ መቁጠር አይቻልም። ወጡ ትሪው ላይ ከመፍሰሱ በፊት ድርሻዬን በትንሽ ሳህን ጭልፋ ቆጥሬ አወጣለሁ፣ እንጀራዬንም ቀድሜ ቆርሼ ከፊቴ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ አብሮ መብላት ነው። የሚያስቸግረው ጉርሻ ነው። ደህና ጉርሻ ከነወጡ 60 እስከ 80 ካሎሪ ይይዛል፣ አንድ ብሎ መተው ደግሞ የለም። እምቢ ከማለት ከሩብ እንጀራው ላይ ቀድሞ መቀነስ ያዋጣል።

ከቤት ውጭ ሐዋሳ ለዚህ ሥራ ጥሩ ከተማ ናት። 150 ግራም የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ ጥሬውን 145 ካሎሪ ብቻ ሆኖ 30 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ላይ ከሚጠበሰው የዓሣ ሾርባው ይሻላል፣ ጥብሱ ከዘይቱ አሥር አሥራ አምስት ግራም ይዞ ስለሚወጣ መቶ ካሎሪ ያህል ይጨመርበታል። አቮካዶ ጁስ ጤና ነው ተብሎ የሚጠጣ ነው፤ 150 ግራም አቮካዶ 240፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ደግሞ 95። ምግብ ነው፣ እንደ ምግብ ይቆጠር። ቆጮም ብቻውን አያስፈራም፣ የሚያስፈራው ቅቤው ነው፤ ሁለት ማንኪያ ንጥር ቅቤ 250 ይሆናል።

ክብደትን መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው በሚቀመጡት ልጆች ዘንድ መለካት ለዚህ አይሆንም። ሚዛኑ ተዳፋት ላይ ነው፣ ሰው ከነጫማው ከሰዓት ላይ ይወጣበታል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሚዛን ነው። የራስ ሚዛን ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ ከቁርስ በፊት፤ ቁጥሩ ይጻፍና የሳምንቱ አማካይ ብቻ ከሳምንቱ አማካይ ጋር ይወዳደር። ጨው የበዛበት ዶሮ ወጥ ወይም የወር አበባ አንድ ሁለት ኪሎ ውኃ ሊያስይዝ ይችላል፣ ያ ስብ አይደለም።

ከአራት ሳምንት በኋላ ቀመሩን ጣሉትና የራሳችሁን ቁጥር አውጡ። ይህች ሴት በአማካይ 1,500 ቆጥራ በ28 ቀን 800 ግራም ቀነሰች እንበል። 0.8 ሲባዛ በ7,700፣ ሲካፈል ለ28፣ 220 ይሆናል። 1,500 ላይ ሲደመር የእሷ እውነተኛ ቁጥር 1,720 እንጂ 1,980 አይደለም። ቀመሩ አበዛ? የዘይቱ ቆጠራ አሾለከ? ማወቅ አያስፈልጋትም፤ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ እስከቆጠረች ድረስ ስህተቱ ቁጥሩ ውስጥ ገብቷል። ከ1,720 ላይ 350 ቀንሳ በ1,370 ትቀጥላለች፣ ወይም እርምጃውን ታረዝማለች። አምስት ኪሎ ስትቀንስ እንደገና ታሰላለች።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው በቀን ሳይሆን በሳምንት ይቁጠር። ቀን በቀን 1,500 ማለት በሳምንት 10,500 ነው፤ አንዲት ሴት ሁለቱን የጾም ቀን 1,200 ከያዘች ለሌሎቹ አምስት ቀናት 1,620 ይደርሳል። ፊቼ ጨምባላላ ወይም ፋሲካ ያለበት ሳምንትም በዚሁ ይሸፈናል። በጾም ቀን የሚያጠቃው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ሳምቡሳና የተጠበሰ ድንች ላይ መውደቅ ነው፤ ምስር ወይም ባቄላ ቀድሞ ይቀቀል።