ባንክ ቤት ዋልኩ

ከሱቄ ደጃፍ ያለው መንገድ ከተቆፈረ ወዲህ ገበያ የለም። የብድሩ ክፍያም ተጠራቀመ። ዛሬ ባንኩ ሳይጠራኝ ራሴ ሄድኩ።

የብድር ክፍሏ ልጅ «ጋሼ፣ እንኳን መጡ» አለችኝ። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ የተበላሸ ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። አዋጅ 97/1990 ይፈቅድለታል። (ስንፈርም ግን ይሄን ማንም ጮክ ብሎ አያነብልንም!)

የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምልኝ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ የሽያጭ መዝገቤንና የመንገዱን ፎቶ አያያዝኩ። ከተፈቀደ ወርሃዊው ክፍያ ይቀንሳል፤ ወለዱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። «እስከዚያ ያገኙትን ያህል ገቢ ያድርጉ» ብላኛለች።

የዕቁባችን ሰብሳቢ፣ ይሄን ካነበብክ ነገ እደውልልሃለሁ፤ ስልክህን አንሳ።