ከአራት ኪሎ እስከ ጀርመን፦ ለትምህርት ስሄድ ዝግጅቴን እንዴት ጨረስኩ

ጀርመን ለማስተርስ ከመጣሁ ወዲህ ከአዲስ አበባ ብዙ ጥያቄ ይደርሰኛል። የሠፈር ልጆች፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የጓደኞቼ ጓደኞች ይጽፉልኛል። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። "ዩኒቨርሲቲውን እንዴት አገኘሽው?"

ዩኒቨርሲቲ መፈለግ ጊዜ እንጂ ሌላ ብዙ አይጠይቅም። ዳድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ፕሮግራሞችን በድረ ገጹ በነፃ ያሳያል። ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ሰው የሚቸገረው ከዚያ በኋላ ነው። የመግቢያ ደብዳቤው ይመጣል፤ ግን ወረቀት አላለቀም፣ ገንዘብ አልደረሰም፣ የኤምባሲ ቀጠሮ አልተገኘም። ሴሚስተሩ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ዓመት የባከነባቸው ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። ነገሩ ስለሚያናድደኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ገና ልሂድ ብዬ ሳስብ የሚያስፈልገኝን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎን "ይሄ በማን እጅ ነው ያለው?" የሚል ጥያቄ አኖርኩ። የማመልከቻ ደብዳቤዬን አንድ ሌሊት አምሽቼ ልጽፈው እችላለሁ። ሲቪም እንደዚያው። የሬጅስትራር ማኅተም ግን እኔ ስላመሸሁ አይመጣም። ፓስፖርትም፣ የአስተማሪ የድጋፍ ደብዳቤም፣ የውጭ ምንዛሪም እንዲሁ። ስለዚህ በሌላ ሰው እጅ ያለውን ሁሉ አስቀደምኩ። በእኔ እጅ ያለውን መጠበቂያ ጊዜዬ ላይ ሠራሁት። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው በተቃራኒው ነው። ደብዳቤውን ሲያሳምር ከርሞ ወረቀቱን በመጨረሻው ወር ይሮጥበታል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ጉዳይ የወጪ መጋራት ነው። ኮስት ሼሪንጉ ሳይከፈል ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይለቀቅም። ቴምፖ የሚባለውን ጊዜያዊ ዲግሪና ስቱደንት ኮፒ ይዞ ሥራ መቀጠር ይቻል ይሆናል። ለውጭ ትምህርት ግን ኦሪጅናሉን ማውጣት ይሻላል። ክፍያው፣ የክፍያ ማረጋገጫው፣ ከዚያ ሬጅስትራር። አንዱ ካላለቀ ሌላው አይጀመርም። በመሀል "ሲስተም የለም" ይመጣል፣ ኃላፊው ስብሰባ ይገባል፣ በዓል ይደርሳል። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው በሒሳብ አስገቡት። እኔ ቀኑን ሳሰላ ቢሮ የሚነግረኝን ጊዜ እጥፍ አድርጌ ነበር የምይዘው።

ቀጥሎ ማረጋገጥ አለ። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል ያልፋል። ከዚያ እንደ ሰነዱ ዓይነት ውልና ማስረጃና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይከተላሉ። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይህን ሁሉ ማኅተም አይፈልግም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምታመለክቱበት ቦታ ምን እንደሚል አንብቡ። አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ፒያሳና ካዛንቺስ የነበሩ ብዙ ቢሮዎችና ሱቆች ቦታ ለውጠዋል። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ።

አሁን ስለ ስም ላውራ፤ ይህ ሰው የሚንቀው ግን ብዙ ጣጣ የሚያመጣ ጉዳይ ነው። አራት ኪሎ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ሰነዶቼን ስካን ላስደርግ ገባሁ። የምትሠራው ልጅ ፓስፖርቴንና ትራንስክሪፕቴን ጎን ለጎን መስታወቱ ላይ አስተኛቻቸው። ክዳኑን ሳትዘጋ ቆም አለች። "እህቴ፣ የአያትሽ ስም እኮ ይለያያል" አለችኝ። ጣቷን አስጠግታ አሳየችኝ። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ኤስ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሁለት ኤስ። ከሬጅስትራር የወጣ የጽሑፍ ግድፈት ነበር። "ብዙ ሰው እዚህ ነው የሚያገኘው፣ ጊዜው ሳያልቅብሽ አስተካክይው" አለችኝ። እግዜር ይስጣት። በዚያው ሳምንት ማመልከቻ ጽፌ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን አያይዤ አስገባሁ። ጊዜ ስለነበረኝ ተስተካክሎ ወጣ። ይህ ነገር የተገኘው ኤምባሲ መስኮት ላይ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት፣ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ ፋይዳ። ስድስቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ፊደል በፊደል አስተያዩ። የልደት ቀኑንም እዩ። ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲቀየር በየቢሮው የተለያየ ቀን ይወጣል።

ማመልከቻውን በተመለከተ አጭር ልሁን። ብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪ ማመልከቻ የሚቀበሉት ኡኒ-አሲስት በሚባል ድርጅት በኩል ነው። ለመጀመሪያው ፕሮግራም 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ያስከፍላል። ለክረምቱ ሴሚስተር የብዙዎቹ መዝጊያ ቀን በፈረንጆቹ ጁላይ 15፣ በእኛ ሐምሌ 8 ነው። ማስተርስ ላይ ግን በጣም ቀድመው የሚዘጉ አሉ። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ክፍያ ጀምሯል። ከተመረቃችሁ ስድስት ዓመት ካላለፈና ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ካላችሁ የዳድን ኢፖስ የሚባል ስኮላርሺፕ ሳታዩ አትለፉ። ለእኛ ዓይነት አገር ሰዎች ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ።

ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ለቪዛ የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ በተዘጋ ሒሳብ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። ከፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ መጠኑ 11,904 ዩሮ ነው። ገንዘቡ የራሳችሁ ነው፤ ጀርመን ከደረሳችሁ በኋላ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅላችኋል። ሌላው አማራጭ ጀርመን የሚኖር ዘመድ እዚያው ባለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ ኃላፊነት እወስዳለሁ ብሎ መፈረም ነው። ይህ ለዘመዱ ቀላል ፊርማ አይደለም። እናንተ ብትቸገሩ መንግሥት እሱን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ዘመድን ስትለምኑ ምን እየለመናችሁ እንደሆነ በግልጽ ንገሩት።

እኔ ጉዳዩን ለቤተሰቤ ያቀረብኩት ገና ከማመልከቴ በፊት ነው። አጎቴ ከውጭ የሚያበድረኝ ስንት ነው፣ እኔ ከደመወዜ ያጠራቀምኩት ስንት ነው፣ ቀሪው ከየት ይመጣል። ሁሉንም አባቴ ፊት በቁጥር አስቀመጥኩ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ደብተሩን አነበበና "በብር አትጻፊው ልጄ፣ በዩሮ ጻፊው" አለኝ። ልክ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 የምንዛሪ አሠራሩ ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አልፏል። በብር ሲያጠራቅሙ የነበሩ ሰዎች ዕቅዳቸው ባንዴ ግማሽ ቀረ። ስለዚህ ዕቅዱን በዩሮ ያዙ፤ ብሩን በየወሩ እያያችሁ አስተካክሉ። ባንኮች ለተማሪ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጡበት መንገድ አለ። የመግቢያ ደብዳቤና ፓስፖርት ይዛችሁ ከአንድ በላይ ባንክ ጠይቁ። የአንዱ ቅርንጫፍ "የለም" የከተማው ሁሉ "የለም" አይደለም።

ቪዛ "እናስጨርሳለን" የሚሉ ደላሎችን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። አትክፈሉ። ቅጹን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ የምትቀመጡትም እናንተ ናችሁ። ሌላ ሰው የጻፈላችሁን ደብዳቤ ኤምባሲው ሲጠይቃችሁ ማስረዳት ካልቻላችሁ በገዛ ገንዘባችሁ ራሳችሁን ጎዳችሁ ማለት ነው። የሚጠየቀው የታወቀ ነው። ለምን ይህ ትምህርት፣ ለምን እዚያ፣ ማን ይከፍላል፣ ስትጨርሺ ምን ትሠሪያለሽ። ከታናሽ እህቴ ጋር ማታ ማታ ተለማመድነው። እሷ እንደ ኤምባሲ ሰው ፊቷን አኮሳትራ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ያዘጋጀሁት የቃል ጥናት ሲመስልባት "ይሄ ያንቺ አይመስልም፣ እንደገና" ትለኝ ነበር።

ትምህርቴ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ስድስት ኪሎ አካባቢ ጎተ ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ጀመርኩ። ኑሮው በጀርመንኛ ነው። ከቢሮ የሚመጣው ደብዳቤ፣ የቆሻሻ መጣያው ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የባቡር መዘግየት ማስታወቂያው ሁሉ በጀርመንኛ ነው።

ቪዛው ከተገኘ በኋላ ሰው ሻንጣ ላይ ይረባረባል። እኔ ከሻንጣው በፊት ውልና ማስረጃ ሄጄ ለእህቴ ውክልና ሰጠሁ። ሰነድ እንድታወጣልኝ፣ ባንክ እንድትገባልኝ። ይህን ሳይሰጥ የሄደ ሰው በኋላ በርሊን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ድረስ ነው የሚንከራተተው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲሜንም ይዤ መጣሁ፤ የባንክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በእሱ ነው። ጥርሴንም አሳየሁ፣ ተጨማሪ መነጽር አሠራሁ። ቻርጀር ላይ አትጨነቁ፤ የእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬት እዚያም ይገባል። ወፍራም የክረምት ጃኬት አንድ ብቻ ያዙ። ሌላውን እዚያ ብትገዙ ለብርዱ የተሠራውን ታገኛላችሁ።

ስንቅ ላይ ግን ከእናቴ ጋር ከባድ ክርክር ነበረን። አፍንጮ በር ያለው ቤታችን ውስጥ ወጥ ቤቱ በሙሉ የእኔ ስንቅ ሆኖ ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ። ይህ ሁሉ ችግር የለውም። ግን ቅቤና ቋንጣም ተዘጋጅቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። "እማ፣ ይወስዱብኛል" አልኳት። "ያለ ቅቤ ምን ልትበዪ ነው ልጄ?" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

መፍትሔውን ያመጣችው ራሷ ናት። ቅቤ እኮ ጀርመን አለ፤ የሌለው ቅመሙ ነው። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና አብሽ በየራሳቸው አድርጋ በትንንሽ ላስቲክ ቋጠረችልኝ። ከዚያ ምድጃው አጠገብ አቁማ አስተማረችኝ። ቅቤው መጀመሪያ በለስላሳ እሳት ይቀልጣል። አረፋው ይገፈፋል። ኮሰረቱ የሚገባው አረፋው ሲቀንስ ነው፤ ቶሎ ከገባ ያራል። "ድምፁን ስሚ" አለችኝ፤ "መንጫጫቱን ሲያቆም አውጪው።" አሁን እዚህ በሱፐርማርኬት ጨው አልባ ቅቤ ራሴ አነጥራለሁ። የማደሪያው ልጆች ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ። ምግብ መሥራት የማትችሉ ልጆች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ወራት ወጥ ቤት ግቡ። በ992 ዩሮ ውስጥ ኪራይ ተከፍሎ በየቀኑ ውጭ መብላት አይታሰብም። እሁድ ደግሞ ሱቅ ሁሉ ማለት ይቻላል ዝግ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅዳል። ሰነዶቼ ግን ሻንጣ ውስጥ አልገቡም። ኦሪጅናሉ በእጅ ቦርሳዬ ነበር፣ ኮፒው ቤት ቀረ፣ ስካኑ ኢሜይሌ ላይ ተቀመጠ።

የመጨረሻው ጉዳይ ቤት ነው። የተማሪ ማደሪያ ወረፋው ረጅም ስለሆነ የመግቢያ ደብዳቤው በደረሰኝ ቀን ነው ያመለከትኩት። ጀርመን ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተማው አስተዳደር ዘንድ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱም፣ ሌላውም ብዙ ጉዳይ ይህን ምዝገባ ይጠይቃል። ቀጠሮው ቶሎ ስለማይገኝ ገና አዲስ አበባ ሳለሁ በኢንተርኔት ያዝኩት። ለምዝገባው አከራዩ የሚፈርመው የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤት ስትዋዋሉ ስለ ኪራዩ ከመከራከራችሁ በፊት ይህን ወረቀት ይሰጣችሁ እንደሆነ ጠይቁ። አልሰጥም ካለ፣ ወይም ቤቱን ሳታዩ ቀብድ ላኩ ካለ፣ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ሌላ ፈልጉ።