ሰባት ምስክር በአንድ ኮረብታ

አርብ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1952 ማታ፣ በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ብራክስተን ካውንቲ ያለው የሸሪፉ ቢሮ ሥራ በዝቶበት ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1945፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት መሆኑ ነው። አውሮፕላን ተከስክሷል የሚል ጥቆማ ደርሶ ሸሪፉና ምክትሉ ፍለጋ ወጥተዋል። የወደቀ አውሮፕላን ግን አልነበረም። ፍላትዉድስ ከምትባለው ትንሽ የገጠር መንደር ደግሞ ሌላ ጥሪ መጣ፤ ልጆች ኮረብታ ላይ ጭራቅ አይተው እየጮኹ ወርደዋል።

ፖሊስም ይሁን ጋዜጠኛ ወይም የትምህርት ቤት ዩኒት መሪ፣ የሰው ቃል መቀበል ሥራው ለሆነ ሁሉ የዚህን ምሽት ያህል የሚያስተምር የሥራ ገጠመኝ ማግኘት ይከብዳል። ልጆቹ አልዋሹም። የተበላሸው እነሱ ካዩ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ኳስ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች፣ የሚያበራ ነገር ሰማዩን ሰንጥቆ ከመንደሩ አጠገብ ባለ እርሻ ኮረብታ ላይ ያረፈ መሰላቸው። የሁለቱ ልጆች እናት ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ እየሮጡ ለእሷ ነገሯት። እሷ፣ የብሔራዊ ዘብ አባል የሆነ የ17 ዓመት ወጣትና ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው አምስት ልጆች፣ በድምሩ ሰባት ሆነው አንድ የእጅ ባትሪ ይዘውና ውሻ አስከትለው ወጡ። ኮረብታው ላይ ቀይ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ጉም አለ፤ አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታም አለ። ዛፉ አካባቢ ጥንድ ዓይን የመሰለ ነገር ሲያበራ ወጣቱ ባትሪውን ወደዚያ አዞረ። የታየው 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል የሚረዝም ነገር ነው፤ ፊቱ ክብና ቀይ፣ ዙሪያው በመጫወቻ ካርታ ላይ እንዳለው ስፔድ ወደ ላይ የሾለ ቆብ የመሰለ፣ ከፊቱ በታች ደግሞ እጥፋት ያለው ልብስ የለበሰ ዓይነት። «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አሰማና ወደ እነሱ ተንሳፈፈ። ወጣቱ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ሁሉም ቁልቁል ሮጡ። ይህ ሁሉ የሆነው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው።

በዚያው ሌሊት ሸሪፉና ምክትሉ ቦታውን አይተው ምንም አላገኙም፤ የታየ፣ የተሰማ፣ የሸተተም ነገር የለም አሉ። የአካባቢው ጋዜጣ ባልደረባ ደግሞ ወጣቱን ይዞ ኮረብታው ላይ ሲወጣ መሬቱ ላይ ደስ የማይል ሽታ አለ አለ። በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ ሣሩ ላይ የተንሸራተተ ነገር ያሰመራቸውን ሁለት መስመሮችና የሚያጣብቅ ቅባት አገኘ። ወሬው በዚህ ተስፋፋ። የሰማይ መርከብ ያረፈበት ምልክት ተባለ።

መልሱ የመጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ነው። ጆ ኒኬል የተባለው መርማሪ መንደሩ ድረስ ሄዶ ሲጠይቅ፣ ወሬውን በሰማበት ሰዓት ለማየት ጓጉቶ የ1942 ሞዴል ሸቭሮሌት ፒክአፕ እየነዳ ኮረብታው ላይ የወጣ የአካባቢው ሰው እንደነበረ ተረዳ። መኪናው ዘይት ያፈስ ነበር። መስመሩ የጎማ፣ ቅባቱ የሞተር ዘይት ነው ማለት ነው። ጋዜጠኛው ያየውን በትክክል ነው የጻፈው፤ ምልክቱ ነበረ። ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ከትናንት ማታ ጀምሮ እዚህ ማን ወጣ? በእግር ነው በመኪና?» ይህን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ 48 ዓመት ባልተጠበቀ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቦታውን መያዝ ነው፤ ምስክር ማናገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ታየ ከተባለው ነጥብ ዙሪያ ቢያንስ 30 ሜትር በገመድ ወይም በችካል ይከለላል፤ መግቢያው አንድ ብቻ ይሆናል፤ የገባ ሰው ሁሉ ስሙና ሰዓቱ ይመዘገባል፤ የገባበት ጫማ ሶልም ፎቶ ይነሣል። የመሬት ምልክት ሲነሣ ማስመሪያ ወይም ሜትር አጠገቡ ይቀመጣል፣ አለበለዚያ ፎቶው ስለ መጠን ምንም አይናገርም። ሁለት ትይዩ መስመሮች ከታዩ በመካከላቸው ያለው ስፋት ይለካና በሰፈሩ ካሉ መኪኖች የግራና የቀኝ ጎማ ርቀት ጋር ይነጻጸራል። ቅባት ካለ ነጭ ወረቀት ላይ ይነካል፤ የሞተር ዘይት ወረቀቱን ብርሃን እንዲያሳልፍ የሚያደርግ፣ እየሰፋ የሚሄድ እድፍ ይተዋል፣ ሽታውንም ማንም መካኒክ ይለየዋል። ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ግን ሰዉ ከመጉረፉ በፊት ካልተሠራ በኋላ የሚሠራው ሁሉ የራስን ዱካ መከተል ይሆናል።

የሰማዩ ነገር ቀላል ነበር። በዚያች ምሽት የተወረወረው ኮከብ በሜሪላንድ፣ በፔንስልቬንያና በዌስት ቨርጂኒያ ታይቷል። ሸሪፉ የተከሰከሰ አውሮፕላን ፍለጋ የወጣውም በዚሁ ብርሃን ምክንያት ነው፤ ሁለቱ ጥሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ኖሮ አንዱ ሌላውን ያስረዳው ነበር። ተወርዋሪ ኮከብ የሚነደው በአሥር ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ከፍታ ነው። ከአድማስ ሲጠፋ ግን ተመልካቹ ሁሉ «ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ወደቀ» ይላል፣ ዓይን ርቀቱን የሚለካበት ነገር ሰማይ ላይ ስለሌለ። መፍትሔው ስልክ ነው፤ 50 እና 100 ኪሎ ሜትር ርቀው ያሉ ሰዎችም ያንኑ ብርሃን በያሉበት «እዚሁ አጠገባችን ወደቀ» ካሉ፣ የማንም ኮረብታ ላይ አልወደቀም። ብልጭ ድርግም ይል የነበረውን ቀይ ብርሃን በተመለከተ ደግሞ፣ ከአካባቢው የሚታዩ የአውሮፕላን ማስጠንቀቂያ ቀይ መብራቶች እንደነበሩ ኒኬል ጽፏል። ዘወትር እዚያ ያለን መብራት ማንም ልብ አይለውም፤ «አንድ ነገር ወድቋል» ብሎ የወጣ ሰው ግን የመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው ሆኖ ያየዋል።

ፍጡሩስ? ከሁሉ የሚስማማው ግምት ፊቷ የልብ ቅርጽ ያለው ጉጉት ናት። ይህች ወፍ እንደ ሌሎች ጉጉቶች «ሁ ሁ» አትልም፤ ስትደነግጥ «ሽሽሽ» ትላለች፣ የሻከረ ጩኸትም አላት። ቁመቷ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ክንፏ ሲዘረጋ ከ80 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የፊቷን ልብ በስፔድ ቆብ ላይ ደርባችሁ ተመልከቱት። እናትየዋ አየሁ ያለቻቸው አስፈሪ ጥፍሮች ቅርንጫፍ የጨበጡ የወፍ እግሮች ናቸው፤ ከታች ያለው «ልብስ» ደግሞ ባትሪው ያበራው ቅጠልና የቅርንጫፍ ጥላ። ስትበር ድምፅ የላትም፤ የክንፏ ላባ የፊት ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተተለተለ፣ የኋላው ጠርዝ ዘርፍ ያለው በመሆኑ አየሩን እየከፋፈለ ያልፋል። ለዚህ ነው «ተንሳፈፈ» የተባለው።

አንዲት ወፍ 3 ሜትር የምታህለው እንዴት ነው? በጨለማ ውስጥ ዓይን የሚያየው መጠንን ሳይሆን አንግልን ነው። 5 ሜትር ላይ ያለችን ወፍ 15 ሜትር ርቃለች ብሎ ያሰበ ሰው ሦስት እጥፍ ያሳድጋታል፤ 35 ሴንቲ ሜትሯ ከ1 ሜትር በላይ ይሆናል። ወፏ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ስለተቀመጠች አእምሮ ከቅርንጫፉ እስከ መሬት ያለውን ሁሉ ለሰውነቷ ይሰጣታል። በዚያ ላይ ከታች ወደ ላይ እያዩ ነው። ዓይን ጨለማን በሚገባ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ባትሪ ያበራ ሰው ያንን በአንድ ጊዜ ያጣውና ብርሃኑ ካረፈበት ክብ ውጪ ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር ይሆንበታል።

ይህን የሚያረጋግጥ ሥራ በማግስቱ ሊሠራ ይችል ነበር። ከቅርንጫፉ ሥር ነጭ ኩስ አለ? ጠቆር ያለ፣ ከ3 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ሲፈረከስ የአይጥ ፀጉርና አጥንት የሚወጣበት ድቡልቡል ነገር አለ? ጉጉት ያልተፈጨላትን በአፏ የምትተፋው ነው፤ ከተገኘ ወፏ ያንን ዛፍ ማደሪያዋ አድርጋዋለች። ቀጥሎ በ20 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር የተቀለመ የ2 ሜትር እንጨት ከቅርንጫፉ ሥር ይተከልና ምስክሩ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ባትሪ እንዲያይ ይደረጋል። አንዳንድ መርማሪ በቀን ብርሃን ወስዶ «የት ጋ ነበር?» ይላል። በቀን የሚታየው ሌላ ዛፍ ነው።

ሽታውና ሕመሙ ብዙዎችን ግራ አጋብቷል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በዚያ ሌሊት አስመልሷቸዋል፣ ጉሮሯቸውንም አሟቸዋል። ጋዝ ነው የሚል ግምት ከመሰጠቱ በፊት ማሰብ ያለብን፣ የ10 ዓመት ልጅ ሽቅብ ወጥቶ፣ በሕይወቱ አይቶት በማያውቀው ፍርሃት ቁልቁል ሮጦ፣ ከዚያ በጎልማሶች ተከቦ ደጋግሞ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን ነው። ማስመለሱ እውነት ነው፤ መርዝ መኖሩን ግን አያሳይም። የመስኩ ሣር ራሱ ሽታ እንደነበረውም ተነግሯል። ልጁን ውሃ ሰጥቶ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ፣ ሐኪም እንዲያየው አድርጎ ማሳረፍ ከምርመራ መቅደም አለበት።

ከሁሉ የከበደው ስህተት ቃል የተሰበሰበበት መንገድ ይመስለኛል። ሰባቱ ከኮረብታው አብረው ነው የወረዱት፤ ጋዜጠኛው እስኪደርስ ስላዩት ነገር አላወሩም ማለት ይከብዳል። ሰባት ሰው አብሮ ካወራ በኋላ የሚገኘው ሰባት ቃል ሳይሆን አንድ ቃል ነው፣ ያውም ድምፁ የጎላው ሰው ቃል። እንዲያም ሆኖ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ፍጡሩ እጅ አለው ወይስ የለውም በሚለው ላይ ሁሉም አልተስማሙም። ልዩነት ሲገኝ ብዙ ሰው ለማስታረቅ ይቸኩላል። መጻፍ ያለበት ግን ልዩነቱ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ምስክር የት ቆሞ እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ልጆቹን ለየብቻ ማስቀመጥ፤ ለእያንዳንዱ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ ያየውን ማሣል፤ ከዚያ «ካየኸው ጀምረህ ንገረኝ» ብሎ እስኪጨርስ፣ ዐሥር ደቂቃም ቢፈጅ፣ አለማቋረጥ። ዝም ሲል «ከዚያስ?» ማለት ይበቃል። «ጭራቁ ስንት ሜትር ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ጭራቁን ራሱ ፈጠረው፣ ልጁ የቀረው ቁጥር መሙላት ብቻ ነው። ሜትርም ሆነ ጫማ አያስፈልግም፤ «እጅህን ዘርግተህ አውራ ጣትህን ብታቆም ይሸፍነው ነበር?» ማለት ይሻላል። ታናናሾቹ መቅደም አለባቸው፣ ትልልቆቹ ሲናገሩ ከሰሙ የራሳቸውን ይተዋሉና። ለሕፃን ምስክር ደግሞ ወላጅ አጠገቡ ይቀመጥ እንጂ አይመልስለት።

በዚያ ክረምት ይህን ሁሉ የሚያባብስ ነገርም ነበር። በሐምሌ ወር በዋሽንግተን ሰማይ ላይ ያልታወቁ በራሪ አካላት ታዩ የሚለው ዜና በመላ አገሪቱ ጋዜጦች ወጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። ልጆቹ ጉጉት ለማየት አልወጡም። የወደቀ ነገር ለማየት ነው የወጡት፣ ዓይናቸውም የሄዱበትን ፈለገ።

የአገራችን ክረምት ለዚህ ዓይነቱ ነገር የተመቸ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ከብት ጥበቃ ይውላሉ፣ ማሳ ሲጠብቁ ያመሻሉ፤ ጉም አለ፣ መብራት የለም። ያችው ወፍ በኢትዮጵያም አለች፤ ባዶ ቤትና የዛፍ ፍልፍል ውስጥ ታድራለች። ድምፅዋ ሟርት ነው እየተባለ በድንጋይ ትገደላለች፣ አይጥ እየበላች የገበሬውን እህል የምትጠብቅ መሆኗ ይረሳል። አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ «ዓይኑ የሚያበራ ነገር አየሁ» ቢል ሁለት ዓይነት መልስ ነው የሚጠብቀው፤ ወይ ይሳቅበታል ወይ ጠበል ይወሰዳል። ሁለቱም ቃሉን አይጽፉትም። ያ ልጅ አንድ ነገር አይቷል።

በፍላትዉድስ ብዙም ሳይቆይ እናትየዋና የ17 ዓመቱ ወጣት ወደ ኒው ዮርክ ተወስደው ቴሌቪዥን ላይ ቀረቡ፤ እዚያም ሠዓሊ በነገሩት መሠረት ፍጡሩን ሣለው። ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚያውቀው ያንን ሥዕል ነው፤ ዛሬ በአቅራቢያው በምትገኘው ሰተን ከተማ ለዚሁ ፍጡር የተሠራ ሙዚየም አለ። ከልጆቹ የ14 ዓመቱ ግን ሲጠየቅ፣ ፍጡሩ አልተራመደም አልዘለለም፤ ወደ እነሱ እየመጣ በዚያው ክብ እየሠራ ዞረ ብሏል። ከቅርንጫፍ ተነሥታ በሰው ራስ አጠገብ ታጥፋ የምታልፍ ጉጉት እንዲህ ነው የምትሄደው። በኒው ዮርኩ ሥዕል ላይ ፍጡሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል።